ላቀችን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ባለፈው ቅዳሜ ሜሮን ምሳ አልበላም ብላ ዓይኗ ቀልቶ ክፍሏ ገባች። ሜሮን የእህቴ ልጅ ናት፤ ለትምህርት ብላ እኔ ዘንድ ነው የምትኖረው። ሽሮው ሲቀዘቅዝብኝ ተከትያት ገባሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ገደለኝ» አለችኝ። «ማን?» ብዬ ስልኩን ተቀበልኳት። ኋላ ስታስረዳኝ፣ ከጓደኞቿ ጋር እየተጻጻፉ የሚጫወቱት ታሪክ ኖሯል። አንዱ ንጉሥ፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዷ ሐኪም ሆነው እያንዳንዱ በተራው የራሱን ሰው ይጽፋል። ሐኪሟ የሜሮን ነበረች። ሽፍታ ነኝ ያለው ልጅ ዛሬ ድንገት ብድግ ብሎ «ተኮስኩባት፤ ወደቀች፤ ሞተች» ብሎ ጻፈ። ክረምቱን ሙሉ የደከመችባት ሐኪም በቃ ሞታ ቀረች።

«አስፈቅዶሻል?» አልኳት።

እንባዋን ጠረገችና አፍጥጣ አየችኝ። «አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ ይኼን ከየት አወቅሽው?»

የዛሬ ልጆች እኛ ከሽንኩርት ዋጋና ከዕድር ሌላ የምናውቀው ነገር ያለ አይመስላቸውም። እኔ ይኼን ጨዋታ የተማርኩት እሷ ጡት ሳትጥል፣ ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባል የሀብታም ሰፈር የሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ተምሬያለሁ። ደንቡን የተማርኩበትን መንገድ ሳስታውስ ግን ዛሬም ክው እላለሁ።

ቤቱ የሃጃ ነበር። ሃጃ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲቆጡም ሲስቁም ግቢው ሁሉ የሚሰማቸው ትልቅ ሴት ናቸው። ፎቁ ላይ መሐንዲሱ ልጃቸው ይኖራል። ሃጃን እወዳቸው ነበር፤ ልጁን እፈራው ነበር። ፓስፖርቴ እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። የተቀጠርኩ ዕለት ጣቱን ወደ ብረቱ በር ቀስሮ «ባንቺ ምክንያት አንድ ወንድ እዚህ በር ላይ ከቆመ የዚያኑ ቀን ትወጫለሽ» አለኝ። መውጣት ማለት ደግሞ ሌላ ቤት መፈለግ ብቻ አልነበረም። ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እየለቀመ መኪና ላይ የሚጭንበት «ከሻ» የሚሉት አፈሳ ነበረ። እንኳን ያለ ፓስፖርት፣ ከነፓስፖርቱም ስንቱ ተጭኗል። ስለዚህ እኔ ያንን በር የምከፍተው ለዳቦና ለቆሻሻ ብቻ ነበር።

ታዲያ ከምሳ በኋላ ቤቱ ይተኛል። የካርቱም ሰው ቀትር ላይ ካልተኛ ቀኑ ለሁለት የሚከፈልለት አይመስለውም። ኪስራቸውን፣ ያንን ከእንጀራችን የሳሳውን ቂጣ፣ በባሚያ ወጥ በልተው ይዘረጋሉ። ውጭ የኒም ዛፉ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። እኔ ሳህኑን አጥቤ ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍሌ፣ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣ እየተንገጫገጨ እርጥብ ገለባ ገለባ የሚሸት አየር ሲነፋብኝ፣ ስልኬን አወጣለሁ። ያቺ ሰዓት የኔ ነበረች።

ወደ ጨዋታው ያስገባኝ ያሲር ነው። ያሲር እናቱ ጎንደሬ፣ አባቱ ሱዳናዊ ናቸው፤ እዚያው ካርቱም ተወልዶ አድጎ አርካዊት በሚባል ሰፈር ስልክ ይጠግናል። ሃጃ ገበያ ይዘውኝ በወጡ ቀን የተሰነጠቀ ስልኬን ሲመልስልኝ «ግሩፕ ልጨምርሽ፣ የሚያዝናና ነገር አለ» አለኝ። «ድንጋይ በር» የሚባል፣ በምድር ላይ የሌለ፣ መንገድ ዳር የተቆረቆረ ትንሽ ከተማ በጽሑፍ ሠርተዋል። ወፍጮ ቤት አለው፣ ጠጅ ቤት አለው፣ የአውቶቡስ ማቆሚያ አለው። ተጫዋቾቹ እንደኔ የሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶችና የቀን ሥራ እየሠሩ የሊቢያ መንገድ የሚጠብቁ ወንዶች ናቸው። እውነተኛ ስም አይጠየቅም። እኔ የወፍጮ ቤቱ ጌታ ልጅ ላቀች ሆንኩ። ሲያነጥሱ የሚሰሙበት ቤት ውስጥ ለምትኖር ሴት፣ አባት ያላት ኩሩ ልጅ መሆን እንዴት እንደሚጥም ልነግራችሁ አልችልም።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ግን አሳፋሪ ነበረ። ጌጡ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ወፍጮ ቤት መጥቶ እህል ሲያወርድ፣ እኔ ብድግ ብዬ «ጌጡ ላቀችን ሲያያት ደነገጠ፤ ጆንያው ከትከሻው ወደቀ፤ አባቷ ጉልበት ላይ ወድቆ አለቀሰ» ብዬ ጻፍኩ። ቆንጆ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር። ወዲያው የያሲር የድምፅ መልእክት መጣ።

«ስሚ ላቀች። አንቺ የላቀችን እጅ ብቻ ነው የምትጽፊው። የጌጡን እጅ ጌጡ ይጽፈዋል። መምታት ከፈለግሽ እጄን አነሳሁ በይና ተይው። ተመታ፣ ሸሸ፣ ሳቀ፣ እሱ ይናገር። የሰው እጅ አይጻፍም። በቃ፣ ኸላስ።»

ሌላውን ደንብም እንዲሁ በተግሣጽ በተግሣጽ ተማርኩት። ተራ ይጠበቃል። ያንቺ ሰው ያላየችውን ነገር አንቺ ስላነበብሽው ብቻ አታውቀውም። ሰው አይገደልም፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር። በራስሽ አፍ መናገር ከፈለግሽ፣ እመቤቴ ተጣራችብኝ ወይም መብራት ጠፋ ለማለት፣ ቅንፍ ውስጥ ትጽፊያለሽ። ቅንፍ ግን አይብዛ። «ቅንፍ ሲበዛ ጨዋታው ይሞታል» ይለን ነበር ያሲር። እኔ ሥራም ደንብም ከያዝኩ እንደ መዥገር ነኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌሎቹን የማርመው እኔ ሆንኩ።

ጌጡ ማረም የማያስፈልገው ሰው ነበር። አጭር ነው የሚጽፈው። መኪናው ሲደርስ መጀመሪያ ሞተሩ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ጌጡ ወርዶ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ላቀች አለች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ካልመለስኩለት አይገባም። አንዳንድ ቀን ሃጃ ቀትሩን ሙሉ ጉልበታቸውን ሲያሳሹኝ ይውሉና፣ ማታ ስልኬን ስከፍት ጌጡ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ያለው ላቀችን ይሁን እኔን፣ ያኔ አልለየሁትም።

ብርዱ በገባበት፣ የካርቱም ሰው ሹራብ ለብሶ ፀሐይ በሚሞቅበት ወቅት፣ ጌጡ ቆቡን አውልቆ «ላቀች፣ መንገድ ሰለቸኝ። ብቀር ትወጂያለሽ?» አለ። እኔም ላቀች የጨዋ ልጅ ናትና እንደ ወጉ ጻፍኩ፦ «ላቀች ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። እኔን አትጠይቀኝ፤ አባት አለኝ። የሚፈልገኝ ሽማግሌ ይልካል አለችው።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ «ጌጡ ቀና ብሎ አያት። የአፍሽን ነው ወይስ የልብሽን? አላት» የሚል መጣ። ቅንፍ የለውም። እኔም ደንብ አዋቂዋ፣ ትዕይንት መሀል ቅንፍ አይከፈትም ብዬ «የላቀች አፍና ልብ አንድ ነው» ብዬ መለስኩ። ሴቶቹ እልልታውን በጽሑፍ አቀለጡት። እኔም ጥሩ ጻፍኩ ብዬ ጋደም አልኩ።

ከዚያ ከሳምንት በላይ አልፏል፤ አርብ ነበር። ቤቱ ከጁምዓ መልስ ምሳ በልቶ ሊጋደም ሲል የበሩ ደወል ጮኸ። ዳቦ ነው ብዬ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ቆመዋል። አንዱ በላስቲክ የታሰረ ስኳርና ቴምር ይዟል። ከኋላቸው ያመጣቸው ርክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ አቧራውን አስነስቶ ይዞራል። ፊት የቆሙት ጋሽ ወርቁ እንደሚባሉ ኋላ አወቅሁ፤ ካርቱም ያረጁ፣ ሐበሻ ሁሉ የሚያስታርቃቸው ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው «የላቀች ቤት እዚህ ነው?» አሉኝ።

ላቀች የምትባል ሴት የለችም፤ ስልክ ውስጥ ናት። እኔ የሺ ነኝ። «ላቀች የምትባል እዚህ የለችም» አልኳቸው። ጋሽ ወርቁ ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ ልጄ፤ የጨዋ ልጅ አለሁ ብላ አትወጣም። አሳዳሪዎችሽን ጥሪልን» አሉኝ። ለካስ ጌጡን የሚጽፈው ልጅ ያሲርን ጠይቆ እምቢ ቢለው፣ የሃጃን ቤት የምታውቀውን የያሲርን እናት ለምኖ ያለሁበትን አስነግሮ ኖሯል። በር ልዘጋ ስል ከፎቁ መስኮት የመሐንዲሱ ድምፅ መጣ፤ «ማነው?» አለ።

ያዳኑኝም ያስጨነቁኝም ሃጃ ናቸው። «በአርብ ቀን የመጣ እንግዳ በር ላይ አይቆምም፣ አስገቢያቸው» ብለው ጮኹ። ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ ግን ቆሙ። ሃጃ «ኢትፈደሉ፣ ተቀመጡ» ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ፍንክች የለም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ቃሉ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሱዳን ዘንድ ደግሞ እንግዳ ግባ ሲባል ካልተቀመጠ ቤቱን እንደ መናቅ ነው። ሃጃ ፊታቸው ተለወጠ። መሐንዲሱ ደረጃውን እየወረደ ነው። እኔ ከርከዴ የሚሉት ቀይ መጠጥ ያለበት ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ መሀል ቆሜያለሁ።

ጋሽ ወርቁ በጥሩ ዓረብኛ ጀመሩ። ልጃችሁን ላቀችን ለልጃችን ለፈንታሁን ብለን መጣን አሉ።

«ላቀች ማናት?» አሉ ሃጃ።

«ፈንታሁን ማነው?» አልኩ እኔ።

እውነቴን ነበር። ከዚያ በፊት ስሙን ሰምቼው አላውቅም። ጋሽ ወርቁ ግን በሐዘን ዓይን አዩኝ። «ልጄ፣ ይኼንስ አትበይ። ለሊቢያ መኪና ተራው ደርሶ ነበር። የዛሬ ሳምንት ጓደኞቹ ሲጫኑ እሱ ወረደ። ቃል ሰጥታኛለች ብሎ ነው የቀረው።»

ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ካላስቀመጥኩት ይወድቃል። ሰው በላቀች ቃል ከመኪና ወረደ ማለት ነው። እየተንተባተብኩ፣ ለሃጃ በዓረብኛ፣ ለሽማግሌዎቹ በአማርኛ፣ ጨዋታ መሆኑን አስረዳሁ። ወፍጮ ቤቱም፣ መኪናውም፣ አባቴም የሉም አልኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ታዲያ እኛ ለማን ተላክን?» ብለው ሌላውን አዩ። ጋሽ ወርቁ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ።

መሐንዲሱ የሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በስልክ ከወንድ ጋር ታወሪ ነበር ማለት ነው? ያላ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አለኝ።

ይኼኔ ሁሉም ሊያድኑኝ ተነሡ፤ የባሰው መጣ። ጋሽ ወርቁ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ነገሩም ሳይታሰብ እዚህ ደርሷል፣ ከምትባረር እናጋባቸውና ክብሯም ክብሩም ይዳን አሉ። ሃጃ ትንሽ አሰቡና፣ ሥራ ወዳድ ከሆነ ምን ችግር አለው፣ ሒናውን እዚሁ ግቢ እናደርግላታለን አሉ። መሐንዲሱ፣ እንግዲያው ፓስፖርቷን ላምጣ፣ ዛሬውኑ ውሰዷት አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከፋሲካ በኋላ ይሻላል ማለት ጀመሩ። ክፉ አሳቢ መካከላቸው አልነበረም፤ እሱ ነው የሚያስደነግጠው። ደግ ሰዎች ቆመው የሠርጌን ቀን ሲቆርጡ ማንም ዞሮ አላየኝም።

ከዚያ በፊት እዚያ ሳሎን ውስጥ ካልተጠየቅሁ ተናግሬ አላውቅም። ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። «የሰው እጅ አይጻፍም» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። «ላቀች እሺ ብላ ይሆናል። እኔ የሺ ነኝ፤ እኔን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። የማላውቀውን ሰው አላገባም። ብትፈልጉ አውጡኝ፤ መልሱን ግን ራሴ ለራሱ ልንገረው። ደውሉለት።» በዓረብኛ ደገምኩት። ከሻውም፣ መኪናውም፣ እስር ቤቱም ዓይኔ ላይ ነበር።

ጋሽ ወርቁ ሃጃን አዩ። ሃጃ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሽ ወርቁ ደውለው ድምፁን ከፍ አደረጉና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ፣ ቴምሩ አጠገብ አስቀመጡት።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። «የሺ እባላለሁ። ላቀችን የምጽፋት እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል የብሎኬት ማምረቻ ድምፅ ይሰማል። «ድምፅሽ እንዲህ ነው?» አለ። የልጅ ድምፅ ነው፤ እኔ ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማስበው።

«ጨዋታ ነበር እኮ ፈንታሁን።»

«ጨዋታ መሆኑን መች አጣሁት» አለ። «እኛ አገር ሴት ልጅ ልቧን በጨዋታ እንጂ ፊት ለፊት አትናገርም ብዬ ነው። እና ደግሞ... ብቀር የሚወድ እንዳለ የነገረኝ ሌላ ሰው አልነበረም። ይቅርታ። ከቤት አስወጡሽ?»

«ገና አላወቅሁም።»

«ጋሼን ላናግር» አለና ለጋሽ ወርቁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ፣ ልጅቷ ምንም አላደረገች አላቸው። ስልኩ ተዘጋ። እኔ አለቀስኩ፤ ማንን ብዬ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እምቢ የተባለ ሽማግሌ እንደቆመ ይመለሳል እንጂ አይቀመጥም። ጋሽ ወርቁ ግን ሶፋው ላይ ተቀመጡና ውሃ ለመኑ።

ሃጃ ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው ምን እንዳሉት ከፊሉን ሰማሁ። «ሦስት ወንድ ፊት ቆማ ያልፈራች ሴት ናት በሬን የምትጠብቅልኝ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልወጣሁም። መሐንዲሱ ግን ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ሻይ ሳቀርብለት ቀና ብሎ አያየኝም ነበር።

በሚቀጥለው ቀትር ያሲር ራሱ ግሩፑ ላይ ረጅም ቅንፍ ከፈተ። ፍቅርም ሆነ ሞት፣ ልብ የሚነካ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ትዕይንት መሀል ቢሆንም ጠይቁ አለ። «እኔ በሌላ አስተማርኳችሁ፤ መዓለሽ፣ ይቅርታ። ጨዋታ ይሙት፣ ሰው አይሙት።» ማንም የማንንም ስም አልጠራም።

ከዚያ የጌጡ መኪና መጣች። ሞተሩ ዝም አለ፤ ጎማዎቹን መታ መታ አደረገ። ወደ ጠጅ ቤቱ ገብቶ ሒሳቡን ዘጋ፤ ቄሱን ተሳለመ፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያዋ ሎተሪ ሻጭ ጋር ቀለደ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ መስመር ተወለት። መጨረሻ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ «ላቀች አለች ወይ? ሩቅ አገር ጭነት ተገኝቶልኛል» አለ። ሰው ከጨዋታ ሲወጣ ሌሎቹን እንዳንጠለጠለ ጥሎ እንደማይሄድ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ያሲር እንኳ ይኼን ደንብ ነግሮን አያውቅም ነበር። ተራው የኔ ሆነና ሁሉም ጠበቀኝ። «ላቀች እስከ አስፋልቱ ሸኘችው። እጇን ሰጠችው። ያዘውም አልያዘውም እሱ ይናገር» ብዬ ጻፍኩ።

«ያዘው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ግሩፑን ለቀቀ።

ወዲያው ለብቻው ጻፍኩለት። ፈንታሁን፣ የሺ ነኝ፣ ሊቢያ ስትደርስ ንገረኝ አልኩት። መልእክቱ መላኩን የሚያሳየው አንድ ምልክት ታየ፤ መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው ግን አልመጣም። ስልክ ቀይሮ ይሆናል፤ በረሃው ላይ ስልክ ይቀማሉ ይባላል፤ ሌላም ብዙ ይባላል። እኔም በጊዜዬ አገሬ ገባሁ። ኋላ ካርቱም ጦርነት ሲገባባት ያሲርም፣ ሃጃም፣ የድንጋይ በር ሰዎችም የት የት እንደተበተኑ አላወቅሁም።

ሜሮን ይኼን ሁሉ ስነግራት አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማኝ። ለማሳቅ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ጋሽ ወርቁ በር ላይ ሲቆሙ ስቃለችም። ለሽፍታው ልጅ ምን ብዬ ልጻፍለት ስትለኝ፣ ተቆጪው፣ ግን አስቀድመሽ ደህና መሆኑን ጠይቂው አልኳት። ሰው በጨዋታ ውስጥ የሚያደርገው ነገር ከየትም አይመጣም፤ ከዋለበት ይዞት ነው የሚገባው። እኔ ያን ሁሉ ወራት የጌጡን ጎማ ድምፅ አውቅ ነበር፤ ፈንታሁን ብሎኬት ተሸክሞ እንደሚውል አላውቅም ነበር። አንዳችንም አልጠየቅንም፤ ደንቡ ነው ብለን።

ጽፋለት ስትጨርስ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ ተጋደመች።

«ደረሰ?» አለችኝ።

ሾፌሩን ጌጡን ይሁን ልጁን ፈንታሁንን የጠየቀችኝ አልገባኝም። ሁለቱንም አላውቅም አልኳትና ሽሮውን ላሞቅ ወጣሁ።